የመጨረሻው እጅ ኃላፊነት

አንድ ዕቃ ተሠርቶ አለቀ የሚባለው መቼ ነው? ከፋብሪካ ሲወጣ ነው የሚል ይኖራል፤ ዋጋው ተከፍሎ ከገዥው እጅ ሲገባ ነው የሚልም አይጠፋም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው ጥያቄውን ከምንጩ ለመመርመር አንድ ተራ መገልገያ ወስደን ብንመለከት ግን መልሱ እንደ አጠያየቁ ቀላል ሆኖ አይገኝም። ለዚህ ጽሑፍ በምሳሌነት የተመረጠው በካርቶን ታሽጎ የሚሸጠውና በየቤቱ የሚገጣጠመው ርካሽ ብስክሌት ነው።

ብስክሌት የሰው ልጅ የገዛ ጉልበቱን ለማበርከት ከፈጠራቸው መሣሪያዎች አንዱ ነው። ጀርመናዊው ካርል ድራይስ እ.ኤ.አ. በ1817 በእግር እየተገፋ የሚሄድ ባለሁለት መንኮራኩር ተሽከርካሪ አሳየ። እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ እ.ኤ.አ. በ1885 በመጠን የተቀራረቡ መንኮራኩሮች ያሉትንና የኋላው መንኮራኩር በሰንሰለት የሚዞረውን ብስክሌት አቀረበ። ከሦስት ዓመት በኋላ ጆን ደንሎፕ አየር የሚሞላውን ጎማ አስተዋወቀ። በአገራችንም ብስክሌት እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል እነገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል። ሜዳማዋ ባሕር ዳርም በብስክሌቶቿ ትታወቃለች። በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል መሪ ቃል ጎዳናዎች ለተወሰነ ሰዓት ከተሽከርካሪ ነፃ መደረግ ጀመሩ፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በኮሪደር ልማት በተሠሩ ጎዳናዎች ላይ የብስክሌት መስመሮች ተዘረጉ። ስለዚህ የምናነሣው ጥያቄ የጥቂቶች የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ጉዳይ ሆኖ መታየት አይገባውም።

በተክለ ሃይማኖት ሠፈር የሚኖር አንድ የቤተሰብ ኃላፊ ለልጁ ብስክሌት ገዛ እንበል። ሠፈሩ የመርካቶ ጎረቤት እንደመሆኑ ካርቶኑን በወዛደር ትከሻ አስይዞ በእግሩ ከቤቱ ይደርሳል። ከካርቶኑ ውስጥ የኋላ መንኮራኩሩ የተገጠመለት አካል፣ የፊት መንኮራኩር፣ መሪ፣ ኮርቻ፣ ፔዳሎችና በላስቲክ የተቋጠሩ ብሎኖች ይወጣሉ። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሁሉም ከየቦታው ይገባል። ልጁ ይጮኻል፤ ጎረቤት ያደንቃል። ዕቃው ብስክሌት መስሏል፤ ብስክሌት ግን ገና አልሆነም።

ይህን ለመረዳት ወደ ዝርዝሩ መግባት ያስፈልጋል። የግራው ፔዳል የብሎን ጥርስ ከቀኙ በተቃራኒ የተቆረጠ በመሆኑ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ፔዳሎቹን አለዋውጦ በጉልበት ቢያስገባቸው ጥርሱን ይበላዋል፤ ፔዳሉም አንድ ቀን በጉዞ ላይ ይነቀላል። የፊቱ ሹካ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ቢገጠም ብስክሌቱ ይቆማል፣ ይሄዳልም፤ ነገር ግን አመራሩ ይዛባል። የፍሬኑ ላስቲክ መንካት ያለበት ቸርኬውን ብቻ ነው፤ ጥቂት ከፍ ብሎ ጎማውን ከነካ እየፋቀ ያፈነዳዋል፤ ዝቅ ካለ ደግሞ ሲያዝ ሾልኮ በመንኮራኩሩ ሽቦዎች መካከል ሊገባ ይችላል። በሞዞው ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ብዙ ጊዜ ከመጠን በላይ ጠብቆና በቂ ግራሶ ሳይኖረው ይመጣል፤ ሲጠብቅ እርስ በርሱ ይፋጫል፣ ሲላላ ይወዛወዛል፤ ትክክለኛው ልክ በእጅ እየተዳሰሰ የሚገኝ መካከለኛ ነው። የተጣመመ ቸርኬም ሽቦዎቹን በአንድ ወገን ሩብ ዙር እያጠበቁ፣ በሌላው ወገን እያላሉ በትዕግሥት ይቃናል። የመሪውና የኮርቻው ዘንግ ላይ የተጫረው ምልክት ከአካሉ ውስጥ ተውጦ መቅረት አለበት። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላም ሥራው አላለቀም። አዲስ የፍሬን ሽቦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሚለጠጥ፣ ብሎኖችም ቦታቸውን ሲይዙ ስለሚላሉ፣ ከጥቂት ቀናት ጉዞ በኋላ ሁሉም እንደገና መፈተሽ ይኖርበታል።

ከዚህ አንድ ቁም ነገር እንጨብጣለን። ይህ ዕቃ የረከሰው ብረቱ ተራ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የመጨረሻው ድካም፣ ማለትም የማስተካከሉና የመፈተሹ ሥራ፣ ስለተቀነሰለትም ነው። የተቀነሰው ድካም ግን አልጠፋም፤ ከፋብሪካው ወጥቶ በካርቶኑ ውስጥ ሆኖ ወደ ገዥው ቤት ተዛወረ። ሻጩ «ሸጬአለሁ» ይላል፤ ገዥው «ገዝቻለሁ» ይላል፤ ሁለቱም ሥራው እንዳለቀ ያምናሉ። በሁለቱ እምነት መካከል ሥራው ባለቤት አጥቶ ይቀራል። ዕዳውን የሚከፍለው ግን ከሁለቱ አንዱም ላይሆን ይችላል። አዲስ አበባ ከሰሜን ወደ ደቡብ ታዘቀዝቃለች፤ ከተክለ ሃይማኖት ወደ ልደታ አቅጣጫ ቁልቁል የሚወርደው፣ ብሎኑ ይጥበቅ ወይም ይላላ የማያውቀው ልጅ ነው። የሞራሉ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፤ ሥራን መርምሮ ለመቀበል ለማይችል ሰው የሚሠራ ሠራተኛ የተመልካች ቁጥጥር ስለሌለበት ኃላፊነቱ ይበዛል እንጂ አያንስም።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው «ለሁሉም ባለሙያ አለው፤ መምህሩ ያስተምር፣ ሠዓሊው ይሳል፣ ብስክሌቱን ባለሙያ ይጠግን» የሚል ነው። የሥራ ክፍፍል ጠቃሚ መሆኑ አያከራክርም። ሆኖም ሥራን ለሌላ መስጠትና ከሥራ መሸሽ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለባለሙያ የሰጠ ሰው የድካሙን ዋጋ ሊከፍልና የተሠራውን ሊመረምር ይገባዋል፤ ለመመርመር ደግሞ ጥቂትም ቢሆን ማወቅ ያሻል። ከዚህም ሌላ ይህ ተቃውሞ አንዳንድ ጊዜ ሌላ ነገር ይደብቃል፤ ይኸውም እጅን በግራሶ ማቆሸሽ ለተማረ ሰው አይመጥንም የሚለው አሮጌ አስተሳሰብ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ቆዳ ፋቂውን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የንቀቱን ሥር መስደድ ያመለክታል። ስድቡ ቢቀርም ንቀቱ በዝምታ ሊኖር ይችላል። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ ቆርቆሮና በርሜል እየቀጠቀጠ መገልገያ የሚያደርገው ሠራተኛ ለዚህ ንቀት በቂ መልስ ይሰጣል፤ ሌላው አለቀ ያለውን ዕቃ እርሱ ጥሬ ዕቃ አድርጎ ይጀምረዋልና።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። የገዥውን ትጋት ማወደስ የአምራቹንና የነጋዴውን ቸልተኝነት መሸፈን አይሆንም ወይ? ገንዘብ ያነሰው ሰው ርካሹን ይገዛል፤ የጎደለውን በገዛ ድካሙ ይሞላል፤ ከዚያም ትዕግሥቱ ይመሰገናል። ይህ ዓይነቱ ምስጋና በእርግጥ አደገኛ ነው። ከዚህም በላይ ትጋት ወሰን አለው። የላላ ብሎን ይጠብቃል፤ ጥንካሬ የሌለው ብረት ግን በማጥበቅ አይጠነክርም። ሲያዝ የሚተጣጠፍ የፍሬን ክንድ ምንም ያህል ቢስተካከል ለቁልቁለት አይታመንም። እንግዲህ የመጨረሻው እጅ ግዴታ ሁለት ወገን አለው ማለት ነው፤ አንደኛው የሚስተካከለውን ማስተካከል፣ ሁለተኛው የማይስተካከለውን በግልጽ መናገር። ልጁን «በግቢና በሜዳ ንዳ፤ ቁልቁለቱን ግን አትውረድ» የሚለው አባት፣ ዕቃውን ወደ ሻጩ መልሶ «ይህ ጎድሏል» የሚለውም ገዥ የሥራውን ፍጻሜ አልሸሹም። ዝም ብሎ የሚያቃና እጅ ጉድለቱን ይደብቃል፤ እያቃና የሚናገር እጅ ግን ለሚቀጥለው ገዥ ጭምር ይሠራል።

ለተነሣው ጥያቄ የምንሰጠው መልስም ከዚህ ይመነጫል። ዕቃ ተሠርቶ አለቀ የሚባለው ሲሸጥ ወይም ሲገጣጠም አይደለም፤ የሚገለገልበት ሰው ሕይወቱን በእምነት ሊጥልበት የሚችልበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው። እስከዚያ ድረስ ዕቃውን የያዘ ሁሉ፣ ፋብሪካው፣ ነጋዴውና ገዥው፣ በየተራው የሥራው ባለዕዳ ነው። ትምህርት ሰጥቶ ተማሪው መረዳቱን የማይጠይቅ መምህር፣ መመሪያ አስተላልፎ አፈጻጸሙን የማይከታተል ኃላፊ፣ ተመልካችን ረስቶ የሚሠራ የጥበብ ሰው እያንዳንዳቸው ያልጠበቀ ብሎን ትተው ሄደዋል። የተተወው ብሎን ያለበትን የሚያውቀው የሠራው እጅ ነውና፣ ቁልፉን ይዞ መመለስ ያለበትም እርሱ ነው።