ነጋዴ ሲያስተምር

የምኖረው ጅግጅጋ ውስጥ የሱቅ ግድግዳ ላይ በመጻፍና በመሳል ነው። በሶማሊኛም በአማርኛም እጽፋለሁ፤ የዘይት ጀሪካን፣ የፓስታ እሽግ፣ ስልክ፣ ግመል እስላለሁ። አሁን አሁን ባለሱቆቹ ለፌስቡክና ለቴሌግራም የሚሆን ጽሑፍም ያዙኛል። ስለዚህ «ነጋዴ ለሕዝብ ምን ይበል?» የሚለው ለእኔ የእንጀራ ጥያቄ ነው። የነፍስ ጥያቄም ያደረጉብኝ በቶጎ ውጫሌ መንገድ ሶላር የሚሸጡ አንድ ሐጂ ናቸው።

«አባዮ፣ ‹ምርጥ ሶላር› ብለሽ እንዳትጽፊብኝ» አሉኝ። ያስጻፉኝ ሌላ ነው። ባለ 50 ዋት ፓኔል ለመብራትና ለስልክ ይበቃል፤ ፍሪጅ ግን አይችልም። ባለ 100 ዋቱም አምስት ሰዓት ሙሉ ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ፣ ቢበዛ 500 ዋት-ሰዓት ነው የሚሰጠው፤ ከዚያም ላይ በሽቦና በባትሪ የሚባክን አለ። የአሲድ ባትሪን በየቀኑ ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ፓኔል አቧራ ሲለብስ ኃይሉ ስለሚቀንስ ይወልወል። የጎረቤት ባለሱቅ ይህን አንብቦ ሳቀ።

«ሐጂ፣ ደንበኛ እያባረሩ እኮ ነው!»

«ያባረርኩትማ ገዝቶ ሄዶ፣ ፍሪጁ እምቢ ሲለው ከቀብሪ በያህ ድረስ ተመልሶ የሚሰድበኝን ነው» አሉት።

መልሳቸው ደስ አለኝ፤ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ገዢ ይመጣልኛል ብሎ በነፃ የሚያስተምር ሰው፣ የሰጠው ምጽዋት ነው ወይስ ማጥመጃ? እኔ ክርስቲያን ነኝ። በማቴዎስ ወንጌል፣ በዚያው በአንዱ የተራራ ስብከት፣ ምዕራፍ 5 መልካም ሥራ በሰው ፊት እንዲበራ ያዛል፤ ምዕራፍ 6 ደግሞ ለመታየት ተብሎ የሚደረገውን ይነቅፋል። ለሐጂ ብነግራቸው የራሳቸውን አመጡልኝ፤ ሱረቱል በቀራ ቁጥር 271 ምጽዋትን በይፋ መስጠትን አይከለክልም፣ ለድሃ በስውር መስጠቱን ግን ያስበልጣል። «ኒያውን፣ የልብ ሐሳቡን፣ የሚያውቀው አላህ ነው» ብለው እዚያው ተዉት።

እኔ መተው አልሆነልኝም። ልብ ባይታይም፣ ንግግሩ ተናጋሪውን ምን እንዳስከፈለው ይታያል። «ይህን አትግዛ» የሚል ቃል አንድም ቦታ የማይገኝበት ትምህርት፣ ለእኔ ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያ መሆኑ ኃጢአት አይደለም፤ ትምህርት ነኝ ማለቱ ነው ነውሩ።

እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉት የሻፊዒው ሊቅ አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» በተሰኘው ሥራቸው ለሻጭ አራት ነገር ያዝዛሉ፦ ዕቃን በሌለው ነገር አለማሞገስ፣ ነውሩን አለመደበቅ፣ ሚዛኑንና መጠኑን አለመሸፈን፣ ገዢው ቢያውቀው ኖሮ የሚተወውን የዋጋ ነገር አለመሰወር። እኔን የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ሙገሳው እውነት ቢሆን እንኳ፣ ገዢው ራሱ የሚያውቀውን መዘብዘብ ልፍለፋ ነው ይላሉ፤ ካልነገሩት የማያውቀውን መንገር ግን ይፈቀዳል። ለሙያዬ ከዚህ የተሻለ መመሪያ አላገኘሁም። በዚህ ሚዛን «ጥራት ያለው»፣ «በተመጣጣኝ ዋጋ»፣ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚሉት ሁሉ ወና ናቸው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ልፍለፋን የሚከለክል አዋጅ ግን እስካሁን አልወጣም።

ጠዋት የግመል ወተት ይዘው የሚመጡት እናቶች ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል። ወተቱ ነጭ ነው ብለው አያደክሙሽም። መቼ እንደታለበ፣ ዕቃው በጭስ መታጠኑን፣ የትናንት ተቀላቅሎበት እንደሆነ ነው የሚነግሩሽ፤ ያውም አቅምሰው።

የከብት ገበያውም እንዲሁ ነው። ደላላው እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ በጨርቅ ሸፍኖ፣ ዋጋን በጣት ይነጋገራል። እንግዳ ሰው ሲያየው ተንኮል ይመስለዋል። የተሸፈነው ግን ዋጋው ብቻ ነው፤ ግመሉ ፀሐይ ላይ ቆሟል፣ ጥርሱ ይታያል፣ ሻኛው ይዳሰሳል። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለው የዘንድሮ ነጋዴ ዋጋውንም ሸሸገ፣ ዕቃውንም በተኳኳለ ፎቶ ሸፈነ። ከጨርቁ ሥር ያለውን እጅ እመርጣለሁ።

ከባዱ ግን መዝለቁ ነው። ሱቅ የተከፈተ ሰሞን ሁሉም ተናጋሪ ነው፤ ፊኛው ሲተነፍስ ጽሑፉም ይቆማል። ሐጂ የማይቆሙት ከራሳቸው ስለማያመነጩ ይመስለኛል። ሐሙስ ሐሙስ ይደውሉልኝና ሰው በሳምንቱ ደጋግሞ የጠየቃቸውን አንድ ነገር ይነግሩኛል፤ እሱን እጽፋለሁ። ባትሪ ለምን ያብጣል? ኢንቨርተር ለምን ይጮኻል? አንዴ በዱቤ መግዛት ወለድ ይሆንብኛል ወይ ብሎ የጠየቀ ነበር። ይህን እሳቸው አልመለሱም። ሼኩን ጠይቅ፣ ብድር ካስፈለገህም ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ጅግጅጋ የሆነውን ሸበሌ ባንክን የመሰለ ከወለድ ነፃ የሚሠራ አለልህ ብለው አስጻፉኝ። ሶላር የሚሸጥ ሰው ስለ ሶላር ብቻ ቢናገር ይታመናል።

ያ የሳቀው ጎረቤት ሰሞኑን መጣ። እሱም ሶላር ማስገባት ጀምሯል፤ የሐጂን ጽሑፍ እንዳለ ግድግዳው ላይ እንድጽፍለት ፈለገ። ለሐጂ ሳልነግር አልጀምርም አልኩና ሄጄ ጠየቅኳቸው። «ጻፊለት፤ ዕውቀቱን እኔም ከሰው ነው ያገኘሁት» አሉ። ምጽዋት ነው ወይስ ማጥመጃ ላልኩት፣ ከኒያው ክርክር ይልቅ ይህ መለሰልኝ።

ቀለሜን ይዤ ስሄድ ጎረቤቱ አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፤ የፍሪጁ መስመር ትቅር። ያለ እሷ አልጽፍም አልኩት። እስካሁን እየተከራከርን ነው።