ለመንጋ የሚያዝ ውሻና የአሳዳሪው አደራ

አላህ ከእጅህ በታች ያደረገው እንስሳ ሁሉ አደራ መሆኑን ዕወቅ። ከአደራም ሁሉ የሚከብደው፥ ስለ ራሱ መናገር የማይችል ፍጡር አደራ ነው። በአምቦ፥ በጉደር፥ በግንጪና በጌዶ በንግድ የሚተዳደሩ፥ ከከተማው ወጣ ብሎም በጎችና ከብቶች ያሏቸው ቤተ ሰቦች ውሻ ያሳድጋሉ። ስለዚህ ቡችላን ለሥራ የሚመርጥ ሰው ምን ዕዳ እንዳለበት እንመርምር።

ብዙ ሰው «ውሻ ነጃሳ ነው» ብሎ ነገሩን በአንድ ቃል ይዘጋዋል። እርግጥ በሻፊዒ መዝሀብ ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፥ ከነዚያም አንዱ በአፈር፥ ይታጠባል። ኢማም ማሊክ ግን በሕይወት ያለ ውሻ ንጹሕ ነው ብለዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለከብት፥ ለአደን ወይም ለእርሻ ካልሆነ በቀር ውሻ የሚያሳድግ ሰው ምንዳው በየቀኑ እንደሚጎድልበት አስተምረዋል። ውሃ የጠማውን ውሻ በጫማው ቀድቶ ስላጠጣ ኃጢአቱ የተማረለትን ሰውም ነግረውናል። በሱረቱል ማኢዳ 4ኛው አንቀጽ የሠለጠነ አዳኝ ውሻ የያዘው ተፈቅዷል፤ በሱረቱል ካህፍም የዋሻው ወጣቶች ውሻ ከነርሱ ጋር ተወስቷል።

እንግዲህ አስተውል፤ ፈቃዱ የተሰጠው ከሥራው ጋር ታስሮ ነው። ይህም ሁለት ፊት አለው። ሥራ ሳይኖረው ለኩራት ውሻ የሚያኖር ሰው ራሱን ይጎዳል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ለሥራ የተፈጠረውን ውሻ ወስዶ ሥራ የሚነፍገው ግን እንስሳውን ይበድላል፤ ይህንንም ብዙዎች ይዘነጉታል። በበሬ ላይ ከአቅሙ በላይ መጫን ግፍ እንደ ሆነ፥ ለሩጫ የተወለደውን በአጭር ሰንሰለት አስሮ ማኖርም ግፍ ነው።

የመንጋ ውሻ ሥራ ሁለት ዓይነት መሆኑንም ዕወቅ። አንደኛው ጠባቂ ነው፤ ከመንጋው ጋር ያድራል፥ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ አውሬን ይከላከላል። ሁለተኛው ነጂ ነው፤ ፊቱን ወደ በጎቹ አዙሮ ይሰበስባቸዋል፥ ይመልሳቸዋል። የነጂው ባሕርይ ከአዳኝ ባሕርይ የተወሰደ ነው፤ ያደባል፥ ያፈጣል፥ ይከባል፤ መግደሉ ብቻ በምርጫና በሥልጠና ተገትቷል። በእንግሊዝና በስኮትላንድ ወሰን የሚታወቀው ነጂ ዘር ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው በ1893 እ.ኤ.አ. ከተወለደው ኦልድ ሄምፕ ከሚባለው ውሻ ነው። በጀርመንም ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ የተባለ መኮንን ከ1899 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጀርመን እረኛ ውሻን ሲያደራጅ፥ ከመልክ ይልቅ ሥራን እንዲያስቀድሙ አጥብቆ ይመክር ነበር።

ምናልባት ልጅህ ከአዲስ አበባ እንዲህ ያለ ቡችላ ላምጣ ብሎህ፥ አንተም «ቤታችን ውሻ ለብዙ ዘመን ያሳደገ ነው፥ ልምድ አለን» ትል ይሆናል። ነገር ግን ጠባቂን ማሳደግ ነጂን ማሳደግ አይደለም። በአገራችን በቀን መንጋውን የሚነዳው እረኛው ልጅ ነው፤ ውሻ የሚፈለገው ጅብ በሚመጣበት ሌሊት ነው። ሥራ ያጣ ነጂ ደግሞ ሥራን ራሱ ይፈጥራል፤ ዶሮን፥ ሕፃናትንና መኪናን ያሳድዳል፥ ያልለመዱትንም በጎች ወደ ገደል ይበትናቸዋል። ያን ጊዜ ጥፋቱ የውሻው አይደለም። እውነተኛ ልምድ «እችላለሁ» ማለት ብቻ ሳይሆን «ይህ ለኔ አይሆንም» ማለትንም ያስተምራል። ለብዙው ቤት የሚበጀው ጎረቤትህ በጎች መካከል ያደረና ጥበቃው የተመሰከረለት የአገር ውሻ ልጅ ነው።

ሥራው በእርግጥ ካለህ ግን እንዲህ ምረጥ። ከቡችላው አስቀድመህ እናቱንና አባቱን ተመልከት፤ ሲሠሩ ካላየህ የሻጩን ቃል ብቻ አትመን። ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አትለየው። ሁሉን የሚነክሰውን ደፋርና ጥግ የሚሸሸውን ፈሪ ተው፤ ቁልፍ ሲወድቅ ደንግጦ ወዲያው ለማየት የሚመለሰውን ያዝ። በሦስት ወሩ የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት አስከትበው፤ ይህ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ አይድንም ሊባል ይቻላል። በዒድ አል አድሐም ሆነ በሌላ ቀን ከታረደ እንስሳ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት አትጣልለት፤ ከዚያ የሚመጣው ትል በውሻው በኩል ወደ ልጆችህ ይተላለፋል።

ስለ ዋጋውም፥ ነጋዴ ነህና፥ ጠይቅ። ሻፊዒዮች የውሻን ሽያጭ አይፈቅዱም፤ ሐነፊዮች ይፈቅዳሉ። መምህርህን አማክር፤ በስጦታ ብታገኘው ከክርክሩ ትድናለህ። አንተ ሰጪ ብትሆን ደግሞ ነውሩን አትሸሽግ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አግብተው እርጥቡን ከታች ባገኙ ጊዜ ሻጩን ገሥጸዋል። የሚነክስን ውሻ «የዋህ ነው» ብሎ መስጠትም ከደረቅ እህል በታች እርጥብ መደበቅ ነው።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፥ ቡችላውን ከማቀፍህ በፊት ራስህን ጠይቅ፤ ሲነጋ የምሰጠው ሥራ አለን? ሲመሽ የምሰጠው ውሃና መኝታ አለን? ሲያረጅና መሥራት ሲያቅተውስ አኖረዋለሁን? ለሦስቱም «አዎን» ብለህ መመለስ ከቻልህ በቢስሚላህ ውሰደው። ካልቻልህ ግን ለሚገባው ሰው ተውለት፤ ያልተቀበልኸው አደራ አያስጠይቅህምና።