እንቅፋት የማን ነው?

«እንቅፋት መታው» ሲባል ጥፋቱ ወደ ድንጋዩ ይዞራል፤ ይሁን እንጂ ድንጋዩ ከቦታው አልተነቃነቀም፣ የተንቀሳቀሰው እግር ነው። እንቅፋት እንግዲህ የአንድ ነገር ባሕርይ ሳይሆን መንገደኛና ነገር የሚጋጠሙበት ሁነት ስም ነው፤ መንገደኛው ባይኖር ድንጋይ እንጂ እንቅፋት አይኖርም።

ከጁባ ወደብ ተነሥቶ በነጭ ዓባይ ወደ ማላካል የሚወርድ ጀልባ የሚያቋርጠው ሰፊ ረግረግ «ሱድ» ይባላል፤ ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን መዝጊያ ወይም ግድብ ማለት ነው። ደንገልና ሌሎች የውሃ ተክሎች ከሥራቸው ተነቅለው እንደ ደሴት እየተንሳፈፉ ሲጠጋጉ ወንዙን ይዘጉታል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1870 ሳሙኤል ቤከር ከካርቱም የመራው የጀልባ ጓድ በዚሁ ተገትቶ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ከዛሬዋ ጁባ አጠገብ ወዳለው ጎንዶኮሮ የደረሰውም በ1871 ነው። ስሙን ያወጣው ግን አላፊው ነው። በዚያ ለሚኖሩት ለዲንካና ለኑዌር ውሃው ሲሸሽ የሚቀረው ለምለም ሜዳ በበጋ ከብት የሚውልበት ግጦሽ ነው፤ ጣና ላይ ደግሞ ያው ደንገል ታንኳ ይሠራበታል። አንዱን ጀልባ ያስቆመው ተክል ሌላው ጀልባ ራሱ ነው።

የሰሜን ዋልታ በረዶም ከዚህ የተለየ ታሪክ የለውም። ኖርዌያዊው ፍሪድትዮፍ ናንሰን በ1893 «ፍራም» የተባለችውን መርከቡን ሆን ብሎ በበረዶ አስያዛት፤ ጎኗ በረዶው ሲጨምቃት ወደ ላይ እንድትነሣ ሆኖ የተሠራ ስለነበር ሳትሰበር እስከ 1896 ከበረዶው ጋር ተጓዘች (ስሟ «ወደፊት» ማለት መሆኑ ሳያስገርም አይቀርም)። ዛሬ ደግሞ ጥቂት ሰዎች በአንዲት ባለሸራ ጀልባ ተሳፍረው፣ የጥንቱ መርከበኛ ይሸሸው የነበረውን ተንሳፋፊ የበረዶ ተራራ ፍለጋ ይሄዳሉ። ይህ ማለት ግን እንቅፋት በሐሳብ ብቻ ያለ ነው ማለት አይደለም፤ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ከውሃ በታች ያለው ያ ተራራ ድንገት ሲገለበጥ የተመልካቹን አድናቆት አይጠይቅም፣ ልምድ ያለው መሪም ርቆ ያልፋል። የሰው ዓላማ ነገሩን እንቅፋት ወይም መንገድ ሊያደርገው ይችላል፤ ክብደቱን ግን አይለውጠውም።

ይህን የዘነጋ ሥራ ከጁባ ወደ ሰሜን ተጋድሞ ይታያል። ረግረጉን «ውሃ አባካኝ» ብሎ የፈረደው የጆንግሌይ ቦይ ዕቅድ ወደ ትነት የሚሄደውን ውሃ በ360 ኪሎ ሜትር ቦይ አሳልፎ ለሱዳንና ለግብፅ ለማድረስ በ1978 ተጀመረ፤ ከእኩሌታው በላይ ከተቆፈረ በኋላ በ1984 በጦርነት ቆመ። ሥራውን ያስቆመውን ጦር የመሩትና መቃብራቸው ጁባ የሚገኘው ጆን ጋራንግ፣ በ1981 የዶክትሬት ጥናታቸውን ያቀረቡት በዚሁ በጆንግሌይ አካባቢ ልማት ላይ ነበር። ረግረጉን ለማለፍ የታሰበው ቦይ ሳያልቅ ቀርቶ፣ ቀጥ ባሉ ግድግዳዎቹ ወደ ግጦሽ የሚሻገሩትን ከብቶችና የዱር እንስሳት ሲያሰናክል ኖሯል።