ጓንግ ሲሞላ

ጓንግ በበጋ ወንዝ አይመስልም። ከጥር በኋላ መተማ ቆላ ወርዶ ያየው ሰው የሚያገኘው አሸዋ፣ ድንጋይና እዚህም እዚያም የቀረ ኩሬ ነው። መንገደኛ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ይሻገረዋል። ክረምት ሲገባ ግን ያው ወንዝ ሌላ ፍጥረት ይሆናል።

እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር ይህን ለውጥ በዓይኑ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1861 ጓንግ ድንበር ተሻግሮ አትባራ በሚባልበት በሱዳን በረሃ፣ ከደረቀው ወንዝ ዳር ሰፍሮ ነበር። ጁን 23 ማታ ከሩቅ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ሰማ። ሰፈሩ ላይ አንዲት ጠብታ አልጣለችም። ብዙም ሳይቆይ ጩኸት ሆነ፤ አሸዋው ላይ የተኙት ሰዎች እየተደናበሩ ወደ ዳር ወጡ፤ ውሃው ደርሶባቸው ነበር። ሲነጋ፣ ትናንት ደረቅ አሸዋ የነበረው ቦታ እስከ 500 ያርድ የሚሰፋና ከ15 እስከ 20 ጫማ የሚጠልቅ ወንዝ ሆኖ አደረ። ዝናቡ የጣለው እዚያ ሳይሆን በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ነው።

በኋላ ይህንኑ ወንዝ መሻገር ግድ ሲሆንበት ቤከር ጀልባ አልነበረውም። የተነፉ ስልቻዎችን ከአልጋ ጋር አሰረ፤ ከአልጋው ላይ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ጠፈረ። ዋናተኞች ይዘውት፣ በኋላ ካገባት ከፍሎረንስ ጋር በዚያ ተሻገረ። በዓመቱ መተማ ደረሰ።

በተነፋ ቆዳ ላይ ተቀምጦ ሙሉ ወንዝ የሚሻገር ሰው ሕይወቱን የሰጠው ለማን ነው? ለስልቻው? ለዋናተኛው? ወይስ ለፈጣሪው? «እሱ ያውቃል» ብሎ የሚገባው ሰውስ እምነቱ የት ላይ አብቅቶ ፈጣሪን መፈታተኑ የት ላይ ይጀምራል?

ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በሚያውቀው በኖኅ ታሪክ ውስጥ ልብ የማይባል ነገር አለ። ኦሪት ዘፍጥረት መርከቡን በክንድ ለክቶ ይነግረናል፦ ርዝመቱ 300፣ ወርዱ 50፣ ከፍታው 30። በሩን፣ መስኮቱን፣ ሦስቱን ደርብ ይጠቅሳል። መቅዘፊያ ግን የለም፤ መሪም ሸራም አልተጠቀሰም። አቅጣጫው የኖኅ ሥራ አልነበረም። ሆኖም እንደሚድን ቃል የተገባለት ይህ ሰው መርከቡን ከውስጥም ከውጭም ቅጥራን እንዲቀባ ታዟል። ቃል ኪዳኑ ከቅጥራኑ አላሳረፈውም። በነቢዩ መሐመድ ትምህርትም አንድ ሰው ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ የተሰጠው መልስ አስረህ ተመካ የሚል ነው። ግመል በሚነዳበት በመተማ አገር ይህን ለማስረዳት ምሳሌ መፈለግ አያሻም።

የጣናው ታንኳም ስለዚሁ ይናገራል። ሐይቁ ጓንግ ከሚነሳበት ደጋ ብዙ አይርቅም። የነገደ ወይጦ ሰዎች ደንገል የሚባለውን የውሃ ዳር ሣር አጭደው ያደርቁታል፤ በነዶ በነዶ አስረው አፍንጫውን ወደ ላይ ይቀስሩታል። ምስማር የለው፣ ሳንቃ የለው። ወደ ደሴት ገዳማቱ፣ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስና ወደ ክብራን ገብርኤል፣ መነኮሳት ሲመላለሱ የኖሩት በዚህ ሣር ላይ ነው። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ውሎ ሲመለስ ከበድ ብሎ፣ ዝቅ ብሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጎትተው ያወጡትና ዳር ላይ አቁመው ያንጠፈጥፉታል፤ ፀሐይ ይሞቃል። ሌሊቱን በጸሎት የቆመ መነኩሴ ታንኳውን ውሃ ውስጥ አይተወውም። ታንኳውን ማድረቁ እምነቱን አያጎድልበትም፤ እንዲያውም የተሰጠውን ሕይወት እንዳከበረ ያሳያል።

በጓንግ ዳር ደግሞ ቅጥራኑም ማድረቁም መጠበቅ ነው። ሙሉ ወንዝ ፊት ተቀምጦ እስኪጎድል የሚጠብቅ ሰው ፈሪ ሊባል አይገባም። ውሃው የሚመጣው እሱ ከማያየው ደጋ ነው፤ ሰማዩ ጠራ ብሎ መግባት ፈጣሪ ያልሰጠውን ተስፋ ለራሱ መስጠት ነው። አባቶች ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት ዝም ብለው አይደለም፤ ቁርጭምጭሚት ላይ ሲጫወት የነበረው ጉልበት ላይ ሲደርስ ሰው መመለሻው ይጠፋበታል።

ይህ ጥያቄ የመጻሕፍት ብቻ እንዳይመስል፣ በመተማ የሰሊጥ አረም የሚታረመው ጓንግና ሌላው የአገሩ ወንዝ ሽንፋ በሚሞሉበት ክረምት ነው። ከደጋ ለቀን ሥራ የሚወርደው ወጣት የወንዙን ጠባይ አያውቅም፤ ደረቅ ሲያየው ደረቅ ሆኖ የሚቀር ይመስለዋል። የእርሻ ባለቤቶች ሆይ፣ አረሙ አንድ ቀን ቢያድር ሰሊጡ አይጠፋም። ሠራተኛውን «እግዜር ያውቃል» ብላችሁ ወደ ሙላት አትስደዱት፤ ውሃው እስኪጎድል ከእሱ ጋር ዳር ላይ ተቀመጡ።