የድሃ ጫማ ለምን ይወደዳል?



ሰው የሚደኸየው በራሱ ጥፋት ነውን? ይህ ጥያቄ በሻይ ቤትም፣ በለቅሶ ቤትም፣ በመስጊድ ደጃፍም ይነሳል። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ «ድሃ ቁጠባ አያውቅም» ይባልና ወሬው ይዘጋል። ለዚህ አባባል ጥሩ ማፍረሻ ሆኖ ያገኘሁት ክርክር ያለው የምጣኔ ሀብት መጽሐፍ ውስጥ ሳይሆን አንድ የቀልድ ልቦለድ ውስጥ ነው።

ልቦለዱ እንግሊዛዊው ቴሪ ፕራቼት በ1993 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ሜን አት አርምስ» ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የሞተው ይህ ደራሲ «ዲስክወርልድ» በተባለ ምናባዊ ዓለም ላይ 41 ልቦለዶች ጽፏል። በዚህኛው መጽሐፍ አንክ-ሞርፖርክ ከምትባል ከተማ አንድ እንግዳ የጦር መሣሪያ ይሰረቃል፤ ሰዎችም ይገደላሉ። ነፍሰ ገዳዩን የሚፈልገው የከተማዋ የሌሊት ዘብ ነው። ዘቡ አዲስ ከቀጠራቸው መካከል ሁለቱ፣ አንድ ድንክና አንድ ገላው ድንጋይ የሆነ ግዙፍ ፍጡር፣ ከጥንት ጀምሮ ከሚጠላሉ ዘሮች የመጡ ናቸው። እየተሰዳደቡ አብረው ሲዞሩ ወዳጆች ይሆናሉ። አንባቢ ይስቃል፤ የሳቀው ግን በሰው ልጅ የዘር ጥላቻ ላይ መሆኑን ቆይቶ ይረዳል።

የዘቡ አለቃ ሻምበል ቫይምስ ከድሃ ሰፈር የወጣ ሰው ነው። በከተማዋ ከሁሉ የበለጠ ሀብት ያላትን ሴት ሊያገባ ሲዘጋጅ አንድ ነገር ይገርመዋል፤ ሀብታሞች ከድሃው ያነሰ ገንዘብ ያወጣሉ! የቫይምስ ደመወዝ በወር 38 ዶላር ነው። ጥሩ የቆዳ ቦት ጫማ 50 ዶላር ያወጣል፤ ዓመታትም ያገለግላል። እርሱ አቅሙ የሚፈቅድለት ባለ 10 ዶላሩን ነው፤ የዚህኛው ሶል ደግሞ ካርቶን ስለሆነ አንድ ሁለት ወቅት እንደቆየ ውሃ ያስገባል። 50 ዶላር ያለው ሰው በአሥር ዓመት አንድ ጫማ ሲገዛ፣ የሌለው በዚያው ጊዜ 100 ዶላር ይጨርሳል፤ እግሩም እንደረጠበ ነው።

ይህች ሐሳብ ከቀልድነት አልፋለች። በ2022 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ኑሮ ሲወደድ፣ ስለ ምግብ በመጻፍ የሚታወቁት ጃክ ሞንሮ የርካሽ ሸቀጦችን ዋጋ ለመከታተል ያሰቡትን መለኪያ በቫይምስ ጫማ ስም ሰይመውታል። የደራሲው ቤተሰብም በስሙ እንዲጠቀሙ ፈቅዷል።

እኛስ ይህን አናውቀውምን? ጤፍ በኩንታል የሚገዛና በኪሎ የሚገዛ፣ ከሰል በማዳበሪያ የሚያስገባና በፌስታል የሚሸምት ዋጋቸው እኩል አይደለም። ግቢው ቧንቧ የሌለው ሰው ውሃ በጄሪካን ሲገዛ፣ ባለ ቧንቧው ከሚከፍለው በላይ ይከፍላል። ይህ ሰው ቁጠባ ያላወቀው ሞኝ ስለሆነ ነው? ለመቆጠብ በቅድሚያ በእጁ የሚይዘው ገንዘብ ስለሌለው እንጂ!

«ሲሕርና ጭራቅ የሞላበት መጽሐፍ ለሙስሊም ምን ይረባል?» የሚሉ ወንድሞች ይኖራሉ። ሲሕር ሐራም መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ተረትን ተረት መሆኑን እያወቁ ማንበብና ማመን የተለያዩ ናቸው። ሙስሊሞች እንስሳት የሚናገሩበትን «ከሊላ ወ ዲምና»ን ከ8ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አንብበዋል። በ10ኛው ክፍለ ዘመን በበስራ የነበሩት ኢኽዋን አስ-ሰፋም፣ በዐቂዳቸው ዑለሞች ቢነቅፏቸውም፣ እንስሳት የሰውን ልጅ በጂኖች ንጉሥ ፊት የሚከሱበትን ታሪክ ትተውልናል።

ከዚህ የሚከብደው ሁለተኛው ተቃውሞ ነው። «ሪዝቅን የሚያከፋፍል አላህ ነው፤ ድህነትም ቀደር ነው» ይባላል። እውነት ነው፤ ሪዝቅ ከአላህ ነው። በሶሉ ውስጥ ካርቶን የከተተው ግን የሰው እጅ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ውስጡን እርጥብ ሆኖ ሲያገኙት፣ ነጋዴውን ገሰጹት እንጂ ቀደር ነው ብለው አላለፉትም። ቀደር ለደረሰብን ነገር መጽናኛ ነው፤ በሌላው ላይ ላደረስነው ነገር ማምለጫ ሊሆን አይችልም።

ቫይምስ በሽታውን አይቷል፤ መድኃኒቱን ግን አላዘዘም። ደራሲውም ሃይማኖት ያልነበረው ሰው ስለሆነ ከእርሱ አልጠብቅም። መድኃኒቱ ያለው በእኛ ዘንድ ነው። ቁርአን በባለሀብት ገንዘብ ውስጥ ለለማኙና ለተከለከለው የታወቀ መብት እንዳለ ያስተምራል። መብት ደግሞ ውለታ አይደለም።

አነስ ባስተላለፉትና አቡ ዳውድ በመዘገቡት ሐዲስ፣ አንድ የመዲና ሰው ሊለምን ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጣ። በቤቱ ያለው አንድ ምንጣፍና አንድ የውሃ መጠጫ ብቻ ነበር። እርሳቸውም ዕቃዎቹን በጨረታ በሁለት ዲርሃም ሸጡለት። በአንዱ ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው መጥረቢያ እንዲገዛ አዘዙት፤ እጀታውንም በገዛ እጃቸው ገጠሙለት። እንጨት እየለቀመ እንዲሸጥ ልከውት ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ አሥር ዲርሃም ይዞ ተመለሰ።

ልብ እንበል! የመጀመሪያው ዲርሃም ለምግብ ነው፤ ዛሬ የራበው እስከ ነገ መጥረቢያ አይጠብቅምና። ሁለተኛው ዲርሃም ግን የሃምሳ ዶላሩ ጫማ ነው። ኢማም አን-ነወዊ የሻፊዒያን መዝሀብ ሲያብራሩ፣ ሙያ ላለው ችግረኛ የሙያው መሣሪያ መግዣ፣ ለነጋዴ ደግሞ መነገጃ እንደሚሰጠው ጽፈዋል። ማሊኪያዎች የአንድ ዓመት ወጪ ይበቃዋል ብለዋል። ልዩነታቸው በመጠኑ ነው፤ ሁለቱም ድሃው ነገ ተመልሶ እጁን እንዲዘረጋ አላሰቡም።

እኛ ግን ዘካችንን ለመቶ ሰው በትነን ለእያንዳንዱ የካርቶን ጫማ እንገዛለን። በዓመቱ እነዚያው መቶ ሰዎች ደጃችን ሲቆሙም «አይጠግቡም» እንላለን። ስንት ሰው ተቀበለን ብሎ መቁጠር ቀላል ነው። በሚቀጥለው ረመዳን ከተቀባዮች መዝገብ ስንቱ ወጣ? ከእነርሱስ ስንቱ ሰጪ ሆነ? ልንጠየቅበት የሚገባው ሒሳብ ይህ ይመስለኛል።

ወላሁ አዕለም።