የሳቃችንን ዋጋ ማን ይከፍላል?

ከማኅበራችን ስብሰባዎች በአንደኛው አንድ ጓዳችን ተነሥቶ እንዲህ ሲል ጠየቀ፤ «አገር በጦርነትና በረኀብ በምትፈተንበት ዘመን የተማረ ወጣት ቁጭ ብሎ ስለ ሽንኩርት ጢስና ስለ ክረምት ካፖርት የሚያስቅ ወግ ሲጽፍ፣ ይባስ ብሎም ከኪሱ አውጥቶ ሲያሳትም ኅሊናው አይወቅሰውምን?» ጥያቄው የተወረወረው ወደ እኛ ነበር። በዚያው ሰሞን አራት ሆነን ከምሳችን ቀንሰን ባጠራቀምነው ገንዘብ ስለ ስደት ኑሮ ዐሥራ አንድ ወጎች የያዘች ቀጭን መጽሐፍ በ200 ቅጂ አሳትመን ነበርና። የዚያን ዕለት የሰጠነው መልስ ረጅምና በምሳሌ የታጀበ ነበር፤ አሸንፈንም ተቀመጥን። ዛሬ መለስ ብለን ስንመረምረው ግን ያሸነፍነው ከባዱን ጥያቄ ማንም ስላላነሣብን እንደ ነበረ ይገባናል።

መልሳችን ባጭሩ የሚከተለው ነበር። ሳቅ ከቁም ነገር የተጣላ አይደለም። በቀልዳቸው ስማቸው የሚነሣው አለቃ ገብረ ሐና ታላቅ የአቋቋም ሊቅ ነበሩ፤ በልጃቸው ስም «ተክሌ» እየተባለ የሚጠራው ዝማሜም ከእርሳቸው ጋር ተያይዞ ይነገራል። ሰው ከማኅሌቱ ይልቅ ቀልዱን ቢያስታውስ ጥፋቱ የአለቃ አይደለም። ወደ ውጭም ስንመለከት፣ ሶቭየታዊው ደራሲ ሚኻይል ዞሽቼንኮ ይጽፍ የነበረው በአንድ ኩሽና ስለሚጣሉ ጎረቤቶች፣ በሕዝብ መታጠቢያ ቤት ራቁቱን ቆሞ የልብሱን መቀበያ ቁጥር የት እንደሚያስቀምጥ ስለሚቸገር ምስኪን ነበር። ይህን ያህል ጥቃቅን ነገር መታገሥ ያቃተው የኮሙኒስት ፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ በነሐሴ 1946 እ.ኤ.አ. ባወጣው ውሳኔ ደራሲውን ኮነነው፤ ከደራስያን ማኅበርም ተባረረ። ዓለምን አድሳለሁ ብሎ የተነሣ ኃይል የመታጠቢያ ቤት ቀልድ ካስደነገጠው ቀልዱ ተራ ነገር አልነበረም ማለት ነው።

በራስ ወጪ ማሳተሙም ቢሆን የሚያሳፍረን አልነበረም። በአገራችን ደራሲው ራሱ ለማተሚያ ቤት ከፍሎ፣ መጽሐፉንም ራሱ ተሸክሞ ማዞሩ የቆየ ልማድ ነው። አስቸጋሪው ክፍያው ብቻ ሳይሆን ፈቃዱም ነበር። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. ታትሞ መታገዱን የማያውቅ አንባቢ የለም። በጥቅምት 1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ሳንሱርን እስኪያስቀር ድረስ የአማርኛ ጸሐፊ ከአንባቢው በፊት የሚያስበው መርማሪውን ነበር። በውጭ አገር የነበሩት የቀደሙት ተማሪዎች ከመርማሪው እጅ ቢያመልጡም፣ «ቻሌንጅ»ና «ታጠቅ» የተሸከሙት የመሬትና የብሔረሰቦች ጥያቄ ለሽንኩርት ጢስ የሚተርፍ ገጽ አልነበረውም። መስፍን ሀብተማርያም በ«የቡና ቤት ሥዕሎች» ወግን ካስለመደን ወዲህ ግን የዕለት ኑሮን ትንንሽ ነገር መጻፍ የሥራ ፈት ሥራ ነው የሚለን ሰው ብዙ ሊያሳምነን አይችልም። ይህን ሁሉ ተናገርን፤ ተጨበጨበልንም።

ያልተናገርነው አንድ ነገር ነበር። መርማሪ የለብንም ስንል ኮርተን ነበር፤ ነገር ግን አርታዒም፣ «ይህችን ነገር ደግማችሁ ተመልከቷት» የሚል ሽማግሌም አልነበረንም። ጽሑፉን የጻፍነው እኛ፣ ያረምነው እኛ፣ የከፈልነው እኛ፣ አስቂኝ ነው ብለን የፈረድነውም እኛ ነን። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሌላው ሰው ሊጠይቅ የሚገባውን ጥያቄ ጸሐፊው ራሱ ካልጠየቀ የሚጠይቅለት አይገኝም።

ከወጎቹ አብዛኞቹ በራሳችን ላይ የተጻፉ ነበሩ። አንደኛው፣ ለፋሲካ ዶሮ ወጥ እንሠራለን ብለን ሽንኩርት ስናቁላላ የተማሪዎች ማደሪያው የጢስ ደወል ጮኾ፣ የስምንት ፎቅ ነዋሪ በሌሊት ልብሱ ብርድ ላይ መቆሙን የሚተርክ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኛው ድስቱን ከፍቶ «ምንድን ነው ይህ?» ቢለን፣ ከመካከላችን አንዱ በፍጹም ቅንነት «ገና ነው፤ ሁለት ሰዓት ይቀረዋል» ሲል መልሶለታል። በዚህ ወግ ማንም አልተጎዳም፤ ከሽንኩርቱ በቀር።

ከሁሉ ያሳቀው ግን ዘጠነኛው፣ «የሕንፃው ኃላፊ» የተባለው ነበር። በምንኖርበት ከተማ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የሌሊት ዘበኛ የሆኑ ያገራችን ሰው አሉ። ለእናታቸው የጻፉት «የአንድ ትልቅ ሕንፃ ኃላፊ ሆኛለሁ» ብለው ነው። ሐሰት ለማለት ያስቸግራል፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ በሕንፃው ውስጥ ከእርሳቸው በላይ ማንም የለምና። ከማቆሚያው ስፍራ ያደሩ የሰው መኪናዎች አጠገብ ቆመው የተነሡትንም ፎቶግራፍ ልከዋል። ይህን ሁሉ ጻፍነው። ስማቸውን አልጠቀስንም። ነገር ግን ኮፍያቸውን፣ አካሄዳቸውን፣ ሳቅ ሲሉ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑበትን ሁኔታ አሳምረን ሣልን። ሌላም አደረግን፤ ፊት ለፊት አንቱ የምንላቸውን ሰው በጽሑፉ ውስጥ «እሱ» አልናቸው። ቀልዱ አንቱታን የሚሸከም አልመሰለንም ነበር።

ለዕንቁጣጣሽ በዓል ወጉ በመድረክ ላይ ተነበበ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጋሼም ከኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ከሁላችን ይልቅ ረዘም አድርገው ሳቁ። እኛም «አልተቀየሙም» ብለን ተደሰትን። ሰው በሕዝብ መካከል ሲሳቅበት አብሮ ከመሳቅ ሌላ ምን መሸሸጊያ እንዳለው ያን ጊዜ አላሰብንም።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ቅጂ በመንገደኛ ሻንጣ አዲስ አበባ ገባ፤ ከሰፈራቸውም ደረሰ። እናታቸው በስልክ ስለ መጽሐፉ አንድም ቃል አላነሡም። የጠየቁት «ልጄ፣ ሌሊት ሌሊት ይበርድሃል?» ብለው ብቻ ነበር። ይህን የነገሩን ራሳቸው ጋሼ ናቸው። አንድ እሑድ ጧት ከሥራ ሲወጡ፣ የዘበኛ ልብሳቸውን ሳይለውጡ ወደ ማደሪያችን መጡ። ቡና አቀረብንላቸው። ጠጥተው ሲያበቁ «ስንት ቅጂ ቀርቷችኋል?» አሉ። 63 መሆኑን ነገርናቸው። «ሁሉንም ልግዛችሁ። እናንተም ከፍላችሁበታል፤ ኪሳራ ላይ ልጥላችሁ አልፈልግም» ብለው ፖስታ አወጡ።

እስቲ ይህን ነገር እንመርምረው። ቶማስ ሆብስ በ1651 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ሳቅን ሰው ከሌላው እንደሚበልጥ በድንገት ሲሰማው የሚያድርበት ኩራት አድርጎ ይመለከተዋል። ሄንሪ ቤርግሶን ደግሞ በ1900 እ.ኤ.አ. ለመሳቅ ልብ ለጥቂት ጊዜ መደንዘዝ እንዳለበት ጽፏል። ሁለቱም የእኛን አዳራሽ ያዩ ይመስላሉ። ግን የጋሼ ፖስታ የነገረን ከዚህ የቀረበ ነገር ነው። እኛስ ለቤተ ሰቦቻችን ምን እንጽፋለን? «ትምህርቴ በመልካም ሁኔታ እየተካሄደ ነው» እንላለን፤ ከመካከላችን ሁለቱ በዚያው ዓመት ፈተና ወድቀው ነበር። ይህ ከመኪናው ፎቶግራፍ በምን ይለያል? በስደት ያለ ሰው ሁሉ እናቱ እንቅልፍ እንዲወስዳት ሲል የሚዋሸውን ውሸት እኛ ለይተን ለእርሳቸው አለበስነውና ሳቅንበት። የኛው ውሸት በወጎቹ ውስጥ አልገባም።

ሰው በሰው ላይ መሳቁ አዲስ ነገር ሆኖ አይደለም። አዝማሪ በጠጅ ቤት የማይነካው ሰው የለም። ሆኖም የተነካው ሰው በቦታው ተቀምጧል፤ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪውም የራሱን መነካት በራሱ አፍና በራሱ ማሲንቆ እየተቀበለ ማዜም ግዴታው ነው። በኅትመት ግን «ተቀበል» የለም። «መልስ መጻፍ ይችሉ ነበር» የሚለን አይጠፋም። ሌሊት የሚሠራና ቀን የሚተኛ፣ ለማተሚያ ቤት የሚከፍለው የሌለው ሰው መቼ ይጽፋል? በየትኛው ገጽ ላይ?

ገንዘቡን አልተቀበልንም። 63ቱን ቅጂዎች ግን ወለል ላይ ዘርግተን ዘጠነኛውን ወግ ከእያንዳንዳቸው በምላጭ ቆርጠን አወጣን። ከአራታችን አንዱ ምላጭ አልይዝም ብሎ ቀረ። «ሳንሱርም የሚጀምረው ሰው እንዳይከፋ እየተባለ ነው፤ እውነት ጽፈን እውነት ቆረጥን» ይላል፤ እስከ ዛሬም አቋሙን አልለወጠም። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ እጃችን ምላጭ ይዞ ሳለ እኛንም ቀፎናል። ልዩነት አለ ብለን የምናምነው መርማሪው የሚጠብቀው መልሶ መምታት የሚችለውን መሆኑ ላይ ነው፤ ጋሼ ማንንም መምታት አይችሉም። ጓዳችን ግን «ነገ ሚኒስትሩም ምስኪን ነኝ ቢልስ?» ይለናል። ለዚህ ያለን መልስ እርሱን አላረካውም፤ እውነቱን ለመናገር ሌሊት ስንነቃ እኛንም አያረካንም።

ጋሼ አሁንም በበዓል ይመጣሉ፤ ከኋላ ይቀመጣሉ። የተረፉት ቅጂዎች ጥቂት በጥቂት በመሸጥ ላይ ናቸው። በማውጫው ላይ «የሕንፃው ኃላፊ» የሚለው ርእስ እንደ ታተመ ስለ ቀረ፣ የገዙት ሰዎች ገጹን አገላብጠው ሲያጡት ተመልሰው ይጠይቁናል።