ወደ ኋላ ስለሚመለስ ስሕተት

ተሠርቶ እንዳልተሠራ ሊሆን በሚችል ሥራ ላይ ሰው ኀላፊነት አለበትን? ጥያቄው ሲሰሙት የሥራ ፈት ጥያቄ ይመስላል። በምንኖርበት ዓለም የሆነው ሁሉ ሆኖ የሚቀር ነውና፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፥ ከአፍ የወጣ ቃልም ወደ አፍ አይመለስም። አባቶቻችን የምክራቸውን ሁሉ መሠረት የጣሉት በዚሁ ላይ ነበር። ዳሩ ግን በዘመናችን ይህ ሕግ የማይሠራበት አንድ ትንሽ አገር ተፈጥሯል፤ ከልጆቻችንም ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚያመሹት በዚያ አገር ነው። አገሩ የኮምፒውተር ጨዋታ ይባላል።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፥ ከሳሪስ እስከ ጀሞ፥ ከጎፋ እስከ ለቡ ባሉት ሰፈሮች የጨዋታ ቤቶች አሉ። በእነዚህ ቤቶች በአብዛኛው የሚታየው እግር ኳስ ነው፤ ስለ እርሱ የምንለው ብዙ የለንም። እኛን ያሳሰበን ጥቂቶች ብቻ፥ ያውም በየቤታቸው ተቀምጠው የሚጫወቱት፥ ጫጫታም ውርርድም የሌለበት አንድ ሌላ ጨዋታ ነው። ስሙን ከርባል ስፔስ ፕሮግራም ይሉታል። በሜክሲኮ አገር በአንድ ኩባንያ ተሠርቶ በ2003 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ቀረበ፤ ተሟልቶ የወጣው በ2007 ዓ.ም. ነው። ተጫዋቹ መንኰራኵር ይሠራል፥ ያስወነጭፋል፤ ዕውቀትና ትዕግሥት ካለው ሙን ወደምትባለው የጨዋታው ጨረቃ ያደርሳል፤ እዚያም መኪና አውርዶ ይነዳል።

መንዳቱን ያላየ ሰው ቀላል ይመስለዋል። ጨረቃዪቱ ሐሰተኛ ብትሆንም ሕጓ ከእውነተኛዪቱ የተቀዳ ነው፤ የስበቷ ኀይል የምድርን ስበት አንድ ስድስተኛ ያህላል። በምድር 600 ኪሎ የሚመዝን መኪና እዚያ 100 ኪሎ ብቻ እንደሚመዝን ሆኖ መሬቱን ስለሚጫን ጎማው አይጨብጥም። ነገር ግን የመኪናው ግዝፈት አልቀነሰምና አንዴ ከሮጠ በኋላ ለማቆምም ሆነ ለመጠምዘዝ የሚጠይቀው ኀይል በምድር ከሚጠይቀው አያንስም። ከዚህ የተነሣ ቸኩሎ መሪ የጠመዘዘ ሁሉ ይገለበጣል። ጉብታ ያገኘው መኪና እንደ ፌንጣ ዘሎ ለመውረድ ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ፀሐይ ከጠለቀች ደግሞ ባትሪው ይደክማል። ይህን ሁሉ ጠንቅቆ አንድ ሙሉ ምሽት የነዳ ሰው የሚያገኘው ምንድን ነው ቢሉ፥ ግራጫ ሜዳ፥ ጉድጓድ፥ ደግሞም ሌላ ጉድጓድ፥ በላዩም በጥቁር ሰማይ የተሰቀለች ምድርን የምትመስል ሰማያዊት ኳስ ነው። ይህን ለማየት እንቅልፉን የሚያጣ ወጣት መኖሩ በመጀመሪያ አስገርሞን ነበር፤ ቈይቶ ግን ነገሩ ከብሕትውና ጋር ዝምድና ያለው መስሎ ታየን።

የጊዜ ማባከን ነው የሚለውን ወቀሳ እናልፈዋለን። ጊዜ በብዙ መንገድ ይባክናል፤ በዚህኛው መንገድ የሚያባክን ቢያንስ የስበትን ሕግ ይማራል። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው።

በኮምፒውተሩ ገበታ ላይ ሁለት ቁልፎች አሉ። አንደኛዋ ሲጫኗት ሁሉን እንዳለ ታስቀምጣለች፤ ሁለተኛዋ ወደዚያው ወደ ተቀመጠው ሰዓት ትመልሳለች። መኪናው ተገልብጦ ሹፌሩ ሞተ እንበል። አንድ ጣት ማሳረፍ ይበቃል፤ ሹፌሩ በወንበሩ ላይ፥ መኪናው በጎማው ቆሞ፥ ገደሉም ገና ከፊት ለፊት ሆኖ ይገኛል። ንጉሥም ሆነ ጠቢብ ያላገኘውን ሥልጣን የ14 ዓመት ልጅ በጣቱ ይዞት ይውላል። እንዲህ ያለ ሥልጣን በእጁ ያለ ሰው ሊጠነቀቅ ይገባዋልን? ከተጠነቀቀስ ስለ ምን?

ጨዋታ የዓለምን ሕግ ለጊዜው የሚያግድ ስፍራ መሆኑ እንግዳ ነገር አይደለም። በገና ጨዋታ አሽከር የጌታውን ቅልጥም በዱላ ቢያገኘው ቂም አልነበረበትም፤ የሹመትና የማዕረግ ልዩነት በዚያ ሜዳ ላይ ለአንድ ቀን ይታገድ ነበርና። ነገር ግን የታገደው ቂሙ ነው እንጂ ስብራቱ አልነበረም፤ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ጌታም ይሁን አሽከር ወደ ወጌሻ ይወሰዳል። በጉግስም የሚወረወረው ዘንግ እንጂ ጦር አይደለም፤ ፈረሱ ግን እውነተኛ ፈረስ፥ መሬቱም እውነተኛ መሬት ነው። አባቶቻችን ጨዋታን ከሞት አርቀውታል፤ ከሕመም ጨርሰው አላራቁትም። ምናልባት ስለዚህ ይሆናል ጉግስ ፈረሰኛን ያሠለጥን የነበረው። የኮምፒውተሩ ጨዋታ ግን ቂሙንም ስብራቱንም አንድ ላይ አገደ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው፦ «ልዩነቱማ ግልጽ ነው፤ በጨዋታው ሰውየው በወንበር ተቀምጧል፥ አካሉ አደጋ ላይ አይደለም፤ ኀላፊነት የሚመጣው ከአደጋ ነው» ሊለን ይችላል። ይህ መልስ ግን እንደማይበቃ በእውነተኛዪቱ ጨረቃ ላይ የተነዱት የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ያስረዱናል። ኅዳር 8 ቀን 1963 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ሉኖኮድ 1 የተባለውን 756 ኪሎ የሚመዝን ባለ ስምንት ጎማ ተሽከርካሪ በጨረቃ ላይ አሳረፈች። በውስጡ ሰው አልነበረበትም። ነጂዎቹ በክሪሚያ፥ በሲምፈሮፖል አጠገብ፥ ከቴሌቪዥን መስታወት ፊት በወንበር ተቀምጠው ነበር። አዛዥ፥ ነጂ፥ መንገድ መሪ፥ የአንቴና ተቈጣጣሪና መሐንዲስ ሆነው አምስት አምስት ሰዎች በፈረቃ ይሠሩ ነበር። የሚያዩትም እንደ ዛሬው የሚንቀሳቀስ ሥዕል ሳይሆን በየጥቂት ሰከንዱ የሚለዋወጥ የቆመ ሥዕል ነበር። ጨረቃ ከምድር በአማካይ 384 ሺህ ኪሎ ሜትር ትርቃለችና የራዲዮ ምልክት በብርሃን ፍጥነት ሄዶ ለመመለስ ከሁለት ሰከንድ ተኩል በላይ ይፈጅበታል። ነጂው ገደሉን ባየ ጊዜ ያየው ያለፈውን ገደል ነው፤ «ቁም» ያለው ትእዛዝም የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

(የክፍለ ከተማችን ስም ከዚህ ነገር ጋር የሚገጥም መሆኑ ደስ ይለናል። ራዲዮ ወደ አገራችን ሲገባ ያለ ሽቦ የሚሄደውን መልእክት አባቶቻችን ነፋስ ስልክ አሉት፤ ስሙም በሰፈሩ ላይ ቀረ። ነፋስ በሌለባት ጨረቃ ላይ መኪና የተነዳው በነፋስ ስልክ ነው ማለት ነው።)

እንግዲህ የሲምፈሮፖሉ ነጂና የላፍቶው ተጫዋች በአቀማመጥ አይለያዩም። ሁለቱም ወንበር ላይ ናቸው፤ የሁለቱም አካል ከአደጋ የራቀ ነው፤ ሁለቱም የሚያዩት መስታወት ነው። ሆኖም በጥር 1965 ዓ.ም. በጨረቃ ላይ ያረፈው ሉኖኮድ 2፥ በአራት ወር 39 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፥ በግንቦት አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የተከፈተው ክዳኑ ከጉድጓዱ ግድግዳ ጋር ተነካካ። ክዳኑ አፈር ያዘ። ለሌሊቱ ሲዘጋ አፈሩ ሙቀት በሚያስወጣው ክፍል ላይ ተራገፈ። በማግሥቱ መሣሪያው ሙቀቱን ማስወጣት አቅቶት ጋለ፤ ከዚያ በኋላ አልተንቀሳቀሰም። አንድ ጭብጥ አፈር የብዙ ሰዎችን የዓመታት ድካም ፈጸመው። በነጂዎቹ አካል ላይ አንዳች ጉዳት አልደረሰም፤ ነገር ግን ሁለተኛዋ ቁልፍ አልነበረቻቸውም። ስለዚህ ልዩነቱ በአካል አደጋ ሳይሆን በዚያች ቁልፍ ላይ ነው።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዪቱ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ወደ ጠፈር በወጣች ጊዜ መቈጣጠሪያዋ የተቋቋመው በእንጦጦ ነው። በከተማችን ሰሜን ጫፍ፥ ከወንበር ላይ፥ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለች ዕቃ ትእዛዝ የላኩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች አሉ ማለት ነው። ከእነርሱም በልጅነቱ ጨዋታ የተጫወተ አይጠፋም።

ሰው ራሱ በመኪናው ላይ ተቀምጦ በጨረቃ የነዳው ከሐምሌ 1963 ዓ.ም. ጀምሮ ነው፤ በአፖሎ 15፥ 16ና 17 ስድስት ሰዎች በሦስት መኪናዎች ተጉዘዋል። ለእነዚህ ሰዎች አንድ ሕግ ተሠርቶላቸው ነበር፦ መኪናው ቢበላሽ በእግር ሊመለሱ ከሚችሉበት ርቀት አልፈው እንዳይሄዱ። የሚተነፍሱት አየር እያለቀ ሲሄድ የተፈቀደላቸው ርቀት እያጠረ ይመጣል። በዚህም ምክንያት መኪናው ገና ብዙ መሄድ ሲችል ሰዎቹ ይመለሱ ነበር። በታኅሣሥ 1965 ዓ.ም. የአፖሎ 17 አዛዥ ዩጂን ሰርናን መዶሻው ነክቶ የመኪናውን ጭቃ መከላከያ በሰበረው ጊዜ ጎማው የሚረጨው አቧራ በላያቸው ይዘንብ ጀመር። እርሱና ሃሪሰን ሽሚት አራት ካርታዎችን በማጣበቂያ አጋጥመው፥ በመቈንጠጫ አስረው፥ አዲስ መከላከያ ሠሩ። በእኛ አገር ጋራዥ የሚውል ሰው ይህን ቢሰማ የሚደነቅ አይመስለንም።

በጨዋታው ውስጥ ግን ያን የመመለሻ ርቀት የሚያሰላ የለም። ለምን ያሰላል? ካርታ አጣብቆ የሚጠግንስ ማን ነው? የተሰበረው እንዳልተሰበረ ይሆናልና ብልኀት አያስፈልገውም። በዚያ አገር ከሞት ጋር አብሮ የሞተው ጥገና ነው።

በላፍቶ የሚኖር አንድ የምናውቀው ተማሪ በዚህ ጨዋታ ትንሹ ጠፈርተኛው ነዳጅ አልቆበት በጨረቃዪቱ ላይ ቀረ። ቁልፏን ቢጫን ከማረፉ በፊት ወደ ነበረው ሰዓት ይመለስ ነበር፤ አልተጫነም። ሰው የሌለበት ሌላ መንኰራኵር ከነመኪናው ላከ፤ መኪናው ከጠፈርተኛው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አረፈ። ልጁ ያን መንገድ በምሽት በምሽት ይነዳው ጀመር። በሁለተኛው ምሽት መብራት ጠፋ፤ ኮምፒውተሩም አብሮ ጠፋ፤ መብራት ሲመለስ መኪናው ሃያ ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ተመልሶ ተገኘ። ይህች ነገር ለብቻዋ ልትታሰብ ይገባታል። በደል እንዳልነበረ ሊሆን በሚችልበት አገር የተለፋበትም ነገር እንዲሁ እንዳልነበረ ይሆናል።

ልጁ ታላቅ ወንድም አለው። የጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ሹፌር ነው። በዚያ ሰሞን ቤት ነበርና ታናሹ የሚያደርገውን አይቶ ሳቀበት። «ቁልፏን ተጫንና ተኛ እንጂ!» አለው። ልጁም፦ «ወንድም ጋሼ፥ ብጫናትማ ሰውየውን ማዳኔ አይደለም፤ እንዳልጣልሁት ማስመሰሌ ነው» ሲል መለሰ። መልሱ ለእኛ ትልቅ መስሎን ልናመሰግነው ቃጥቶን ነበር። ሹፌሩ ግን ሳቁን አቁሞ ጥቂት ዝም አለና፦ «እኔ ብትኖረኝ እጫናት ነበር። ከአዋሽ ወዲህ አንዲት ሰዓት አለች፤ እርስዋን ብቻ» አለ። ምን እንደሆነ አልጠየቅነውም፤ እርሱም አልጨመረም።

ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል ፍርድ ለመስጠት ብዙ አስበናል። በመጀመሪያ የሹፌሩ ቃል የልጁን የሚሽር መሰለን፤ የማይመለሰውን ያየ ሰው መመለስን ሲመኝ፥ ያላየው ልጅ አልፈልግም ማለቱ ቅንጦት ነው ልንል ነበር። ነገር ግን ሁለቱ የተናገሩት ስለ አንድ ነገር አይደለም። ሹፌሩ ቁልፏን የሚሻት ከሆነው በኋላ ነው፤ ባትኖረውም ያን ቀን የነዳው እንደማትኖር አውቆ ነው። ልጁ የፈራው ደግሞ ገደሉ ከመድረሱ በፊት በቁልፏ መታመንን ነው። ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረን ልዩነት ይኸው አይደለምን? በድሎ ንስሐ የገባ ሰው አለ፤ ነገ ንስሐ እገባለሁ ብሎ ዛሬ የሚበድልም አለ። ሁለቱ የሚገቡበት በር አንድ ቢሆንም ሰዎቹ አንድ አይደሉም። ልጁ ዕዳ የነበረበት ለአሻንጉሊቱ ጠፈርተኛ አይደለም፤ እርሱ ማንም አይደለምና። ዕዳው ለገዛ እጁ ነበር፤ ያ እጅ አንድ ቀን ቁልፍ የሌለው መሪ ይይዛልና።

ይህን ስንጽፍ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች የምንሠራበትን ጠረጴዛም አስበናል። በጠረጴዛችን ላይ ያች ቁልፍ የለችም፤ ነገር ግን እንዳለች አድርገን የምንናገርባቸው ቃላት አሉን። «ኋላ ይስተካከላል» እንላለን። «ቅር ካለው ይግባኝ ይበል» እንላለን። የይግባኝ መኖር መልካም ነው፤ ፍርድ የሚታረምበት መንገድ የሌለው አገር መኖሪያ አይሆንም። ይሁን እንጂ ይግባኝ አለ ብሎ መዝገቡን ሳያነብ የሚፈርም ሰው፥ ቁልፏን ተማምኖ ወደ ገደሉ በሙሉ ፍጥነት ከሚነዳው ተጫዋች በምን ይሻላል? በእርግጥ በአንድ ነገር ይብሳል፤ በመኪናው ውስጥ የተቀመጠው አሻንጉሊት አይደለም። አንዲት ባልቴት የስማቸው አንድ ፊደል ተሳስቶ ከሃና ማርያም አንድ መሥሪያ ቤት ድረስ ሲመላለሱ ቈይተው ወረቀቱ ይታረምላቸዋል እንበል። ወረቀቱ አሁን ልክ ነው፤ ስሕተቱም በፋይሉ ውስጥ አይታይም። የታክሲው ገንዘብ፥ በየደረጃው የወጡበትና የወረዱበት ጉልበት፥ ያ ሁሉ ጧት ግን በፋይሉ ውስጥ አልተጻፈም፤ የሚጻፍበት ዐምድም የለውም።